ያደረ ወጥና የአዛውንት ሆድ

ቅዳሜ ሹር ነው። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ ሲቁላላ ውሏል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጡ ደርሶ ከእሳት ይወርዳል። ጾም ስለሆነ ማንም አይቀምሰውም። ክዳን ይደፋበትና ድስቱ እዚያው ምድጃው ላይ ይተዋል። ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተመልሶ፣ ወጡን ለብ ለብ አድርጎ ይፈስካል። እሁድ ቀኑን ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር ድስቱ ይከፈታል፣ ይጨለፋል፣ ይከደናል። ሰኞ ጠዋት እማዬ "ሆዴን ቆረጠኝ" ትላለች።

ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው። "ከአንድ ድስት አይደል እንዴ የበላነው? ምግቡ ቢሆን ኖሮ እኛንም ያመን ነበር" ይባላል። ጥፋቱ "በጾም ሆድ ላይ ቅቤ ስለገባ ነው" ወደሚለው ይዞራል። እማዬ ትንሽ አጥሚት ይሰጣታል። ነገሩም በዚያው ይታለፋል።

እኔም ቤት በተደጋጋሚ እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ። ለዓመታት አምኜዋለሁም። ግን ትክክል አይደለም። አንድ ድስት ለአንዱ ምግብ፣ ለሌላው በሽታ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ድስቱ ውስጥ ሳይሆን ሆድ ውስጥ ነው። ዛሬ ይህንን በቀላሉ ላስረዳ። እናት ወይም አባት ቤታችሁ ካሉ፣ ወይም ራሳችሁ ስልሳን ከተሻገራችሁ፣ ጉዳዩ የእናንተ ነው።

ከአካሉ እንጀምር። ጨጓራችን ውስጥ ያለው አሲድ ምግብ ከመፍጨት ሌላ የዘበኝነት ሥራም አለው። ከምግብ ጋር የሚገባውን ጀርም ገና በር ላይ ይገድላል። ዕድሜ ሲገፋ በብዙ ሰው ላይ ይህ ዘበኛ ይደክማል። በዚያ ላይ ብዙ አዛውንቶች "የጨጓራ" እያሉ ኦሜፕራዞልን የመሰለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ይወስዳሉ። መድኃኒቱ የሚሠራው አሲዱን በመቀነስ ነው። ስለዚህ በሩ የበለጠ ይከፈታል። (ይህን አንብባችሁ መድኃኒቱን እንዳታስቆሙ። እሱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። እዚህ የሚያስፈልገን ሰውየው የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚሻ ማወቁ ነው።)

የአንጀት እንቅስቃሴም ይዘገያል። ምግቡ ሆድ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ጀርሙም አብሮ ይቆያል። የሰውነት የመከላከል አቅም ይቀንሳል። ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ካለ ደግሞ የባሰ ነው። በዚህ ምክንያት ወጣቱን አንድ ጊዜ ሽንት ቤት አመላልሶ የሚተወው ነገር፣ የሰባ ዓመት ሰውን አልጋ ላይ ያውላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑና ሳልሞኔላ፣ ካምፓይሎባክተር፣ ሊስቴሪያ ወይም ኢ. ኮላይ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች አንዱ በምርመራ ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሆስፒታል ይተኛሉ።

ሌላም አለ። የማሽተትና የመቅመስ ችሎታ ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል። ልጅ ሳለን "ይሄ ወጥ ጠረኑ ተቀይሯል" ብላ ከእጃችን የምትቀማን እናት፣ ዛሬ ያንኑ ጠረን ላትለየው ትችላለች። ደግሞስ፣ ሰው የሚያሳምሙት አብዛኞቹ ጀርሞች ጠረንም ጣዕምም አይቀይሩም። ምግብ እንዲሸት የሚያደርጉት ሌሎች ጀርሞች ናቸው። ስለዚህ "አሽትቼዋለሁ፣ ደህና ነው" የሚለው ለማንም አይሠራም፤ ለአዛውንት ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

አሁን ወደ ድስቱ እንመለስ። ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው።

ብዙዎቻችን የምግብ መበከል ሲባል ቆሻሻ ነው የሚታየን። ያልታጠበ እጅ፣ ዝንብ፣ ቆሻሻ ውሃ። እውነት ነው፣ እነሱም አሉበት። ግን በንጹሕ ቤት፣ በንጹሕ እጅ የተሠራ ወጥም ያሳምማል። ምክንያቱ ሰዓት ነው።

ሥጋና ቅመም ላይ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ በብዛት ይገኛል። ክፉ ሲገጥመው እንደ ዘር ይሆናል። ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል። በዚያ ቅርፊት ውስጥ እያለ የወጡ መፍላት አይገድለውም። ወጡ ከእሳት ወርዶ መቀዝቀዝ ሲጀምር ግን ይነቃል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ወርዶ ለብ ወደማለቱ ሲጠጋ ለእሱ ምቹ ቤት ነው። አየር አይወድም፤ የፈላ ወጥ ውስጥ ደግሞ አየር የለም። ያ የምንወደው፣ ከላይ ቀይ ሆኖ የተንሳፈፈው ቅቤ ደግሞ እንደ ክዳን ሆኖ አየር እንዳይገባ ይጋርድለታል። ትልቅ ድስት በሞላ ቁጥር ቀስ ብሎ ይበርዳል። ማለትም ለጀርሙ ምቹ በሆነው ሙቀት ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያል።

ባክቴሪያ የሚራባው ለሁለት እየተከፈለ ነው። ሁኔታው ሲመቸው በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይከፈላል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናል። ሒሳቡን እንሥራ። በአንድ ሰዓት ሦስት ጊዜ ይከፈላል። በ7 ሰዓት 21 ጊዜ። አንዲት ብቻዋን የነበረች ባክቴሪያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ትሆናለች። ከማታ 2 ሰዓት እስከ ሌሊት 9 ሰዓት ስንት ነው? ልክ 7 ሰዓት። በእርግጥ ድስቱ ገና ትኩስ እያለ ያለፈው ጊዜ አይቆጠርም። ግን እሁድ ቀኑን ሙሉ ውጭ የዋለውን ጨምሩበት።

እዚህ ላይ ሁለት መልሶች ሁልጊዜ ይመጣሉ። አንደኛው "በርበሬና ቅመም አለው፣ አይበላሽም" ነው። በርበሬ ወጥ ውስጥ ባለው መጠን ጀርም አይገድልም። እንዲያውም ደረቅ ቅመም ራሱ ያንን የተኛ ዘር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው "እናቶቻችን ያለ ፍሪጅ ነው ያሳደጉን" የሚለው ነው። ይሄኛው በደንብ መታየት አለበት፤ ውስጡ እውነት አለና።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ምግብ ማቆየት በሚገባ ያውቁ ነበር። ዘዴያቸውን ልብ ብላችሁ እዩት። ቋንጣ፦ ጨውና ቅመም ነክቶት ተሰቅሎ ይደርቃል። ድርቆሽ፦ ይደርቃል። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፦ ሁሉም ደረቅ ናቸው። ውሃ ከሌለ ጀርም አይራባም። ንጥር ቅቤም ሲነጠር ውሃው ይወጣል። እንጀራ ደግሞ ይቦካል፤ ኮምጣጣነቱ ባክቴሪያን ያስቸግራል። ዶሮ ወጥ ግን ከነዚህ ውስጥ የትኛውም አይደለም። ውሃ አለው፣ ሥጋ አለው፣ ኮምጣጣ አይደለም። ድሮም ቢሆን ሰንጋው ታርዶ የሚቆየው ቋንጣ ሆኖ ነው እንጂ ወጥ ሆኖ አልነበረም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወጡ ከወረደ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፍሪጅ ይግባ። በጣም በሚሞቅ አገር፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በሚያልፍበት ቦታ፣ አንድ ሰዓት ነው። አፋር ወይም ጋምቤላ፣ ወይም በሙቀቱ ወራት ዱባይ ያላችሁ ይህን ያዙ። ትልቁን ድስት እንዳለ አታስገቡት። መሃሉ ሳይቀዘቅዝ ያድራል፣ ፍሪጁንም ያሞቀዋል። ጥልቀት በሌላቸው ትንንሽ ሳህኖች አከፋፍሉት። ጊዜ ካነሰ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጣችሁ እያማሰላችሁ አብርዱት። "ትኩስ ነገር ፍሪጅ ያበላሻል" እየተባልን አድገናል። ለብ ያለ ትንሽ ሳህን ፍሪጅ አያበላሽም። ወጥ ውጭ ማሳደር ግን ሰው ይጎዳል።

ስታሞቁ ደግሞ የሚበላውን ያህል ብቻ አውጡ። ለብ አታድርጉት። እስኪንተከተክ ድረስ አሙቁት፣ መሃሉንም አማስሉ። ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ወጥ በሦስት፣ ቢበዛ በአራት ቀን ይለቅ። ከዚያ በላይ ካሰባችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት።

"ቢያድርስ? አፍልቼ ብበላውስ?" የሚል አይጠፋም። ማፍላት ብዙውን ሕያው ባክቴሪያ ይገድላል። አንዳንድ ባክቴሪያ ግን ሲራባ ምግቡ ውስጥ መርዝ ይጥላል። ከሰው እጅና አፍንጫ የሚመጣው ስታፊሎኮከስ እንዲህ ነው። ከሩዝና ከፓስታ ጋር ስሙ የሚነሣው ባሲለስ ሴሪየስም እንዲሁ። ባክቴሪያው ቢሞትም መርዙ መፍላትን ችሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ውጭ ያደረን ማፍላት እንደ መድኃኒት አይቆጠርም።

ፍሪጅ የሌለበት ቤት ብዙ ነው። ለዚያ ቤት የእኔ ምክር ሽሮ ነው። ደረቅ ዱቄት ስለሆነ ይቀመጣል። ለአንድ ሰው የምትበቃ ያህል በአጭር ጊዜ ትደርሳለች። ትኩስ ተበልታ ታልቃለች። ለብቻቸው ለሚኖሩ አዛውንት ከዚህ የተሻለ ምግብ ማሰብ ይከብደኛል። ሥጋ ሲኖር ደግሞ በዕለቱ የሚያልቀውን ብቻ መሥራት፣ ቀሪውን ቋንጣ ማድረግ ነው።

ስለ ፔርሙስ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ቤት አለና። ልጅ ወደ ሥራ ስትሄድ ለአባቷ አጥሚት ወይም ወተት በፔርሙስ ሞልታ ትተዋለች። በፍቅር ነው። ፔርሙሱ ጥሩ ከሆነና ምግቡ እየፈላ ከገባ ለምሳ ይደርሳል። አሮጌ ፔርሙስ ግን ከረፋድ በኋላ ለብ ይላል። ለብ ያለ አጥሚት ተዘግቶ ሲቀመጥ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። የእረፍት ቀናችሁን ጠብቁ። ጠዋት ሙሉት፣ አባታችሁ በሚጠጡበት ሰዓት ክፈቱት። ሲቀዳ እንፋሎቱ ቦግ ብሎ ካልወጣ፣ ለመጠጣት እፍ እያሉ ማብረድ የማያስፈልገው ከሆነ፣ ፔርሙሱን ቀይሩ። ከመሙላታችሁ በፊት በፈላ ውሃ ማጠብና ማሞቅም ይረዳል።

ዶሮውን ወደማጠቡ ልምጣ። የውጭ አገር የጤና መሥሪያ ቤቶች "ጥሬ ዶሮ አትጠቡ" ይላሉ። ምክንያታቸው ውሃው ጀርሙን ዙሪያውን ስለሚረጨው ነው። ይህን ለእናቴ ብነግራት ከቤት ታስወጣኛለች። እኛ ዶሮን በጨውና በሎሚ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ አጥበን ነው የምንሠራው። ባህላችን ነው፣ አይቀርም። ሎሚው ጠረኑን ይወስዳል እንጂ ሳልሞኔላን አያጠፋም። የሚያጠፋው እሳቱ ነው። ዶሮ ወጥ ደግሞ ረጅም ሰዓት ስለሚበስል ዶሮው ራሱ አያሰጋም።

የሚያሰጋው ውሃው የሄደበት ነው። ከቧንቧ ሥር አትጠቡት፤ ሳፋ ውስጥ፣ ቀስ ብላችሁ እጠቡ። ሳፋው አጠገብ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ የታጠበ ሳህን አይኑር። ውሃው የተደፋበትን፣ ሳፋውን፣ መክተፊያውንና ቢላዋውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡ። ከዚያ እጃችሁን። ዶሮ የተበለተበት መክተፊያ ላይ ቃሪያ መክተፍ፣ ያ ነው ሰው የሚያስተኛው። ወጡ ይፈላል፤ ቃሪያው ግን ጥሬውን ነው የሚበላው። ሁለት መክተፊያ ቢኖር ግልግል ነው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጁም ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ መክረም የለበትም፤ ይቀየር።

ጥሬ ሥጋ ላይ ስንደርስ ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ይገባኛል። ቁርጥና ክትፎ የሌለበት በዓል ለብዙዎቻችን በዓል አይደለም። ግን እንግለጠው። ሥጋ ላይ ያለው ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚቀመጠው ላይኛው ፊቱ ላይ ነው። ሥጋው ሲከተፍና ሲፈጭ ያ ላይኛው ፊት ከውስጡ ጋር ይደባለቃል። ክትፎ ጥሬውን ከተበላ ጀርሙ በእያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ አለ። ለብለብም ውስጡ ስላልበሰለ ከጥሬው ብዙም አይሻልም። ሚጥሚጣው፣ ሰናፍጩ፣ አረቄው አይገድሉትም። ኮሶ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ መድኃኒቱንም እናውቃለን። ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ ግን ለሰባ ዓመት ሰው እንደ ኮሶ በክኒን የሚያልፉ አይደሉም።

አዛውንቶች ክትፎ የሚወዱበት አንድ ምክንያት ጥርስ መሆኑን ልብ ብላችኋል? ጥብስ አይታኘክላቸውም፤ ክትፎ ለስላሳ ነው። ስለዚህ "ክትፎ ተዉ" ከማለት ለስላሳና የበሰለ ሥጋ ማቅረብ ይሻላል። ምንቸት አብሽ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። የተፈጨ ሥጋ ነው፣ ቅቤም ቅመምም አለው፣ ግን በስሎ ይቀርባል። ክትፎውም ቢሆን ቀይነቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ማብሰል ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ምግብ መሃሉ ድረስ 70 ዲግሪ እንዲደርስ ይመክራል። ለተፈጨ ሥጋ አሜሪካኖቹ 71 ይላሉ።

ወተትና አይብም እዚሁ ይነሡ። ከጎረቤት ላም የታለበ ወተት ሳይፈላ አይጠጣ። ባልፈላ ወተት ከሚመጡት በሽታዎች አንዱ ብሩሴሎሲስ ነው። የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። አዛውንት ላይ ሲሆን "ቁርጥማት ነው፣ ዕድሜ ነው" ተብሎ ለወራት ይከርማል። የከብት ሳንባ ነቀርሳም በጥሬ ወተት ይተላለፋል። እርጎ ኮምጣጣ ስለሆነ ብዙ ሰው ይተማመንበታል። ኮምጣጣነቱ ያዳክማቸዋል እንጂ ሁሉንም አያጠፋም። እርጎውን ከፈላ ወተት ሥሩት። አይብም ለአዛውንት የሚቀርብ ከሆነ ወተቱ የፈላ ወይም የፋብሪካ ፓስቸራይዝድ መሆኑን አረጋግጡ።

ስለ መፍላት ካነሣን፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጀርም ለመግደል ይበቃል። ሆኖም በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ የመጠጥ ውሃ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ይመከራል። ማፍላት ካልተቻለ ውሃ አጋርን የመሰለ ማከሚያ አለ፤ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ተጠቀሙ። ሮቶ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃም ጥሬ የሚበላ ነገር ከማጠቡ በፊት ይታከም። ሰላጣና ጎመን ቅጠል ቅጠሉ ተለይቶ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ኮምጣጤና ሎሚ ብቻቸውን አይበቁም። ለደካማ አዛውንት ጎመኑን አብስሎ መስጠት የበለጠ ያሳርፋል።

የሻገተ እንጀራ ላይ አልቆይም። ሻጋታው የታየበትን ቦታ ቆርጦ ቀሪውን መብላት አይሆንም። እንጀራ ለስላሳ ስለሆነ ሥሩ የማይታይ ቦታ ደርሷል። የሻገተ ኦቾሎኒ፣ በቆሎና በርበሬ ደግሞ የባሰ ነው። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ቢቆሉትም ቢቀቅሉትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ፍሪጁን በተመለከተ፣ ከ5 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ከተገኘ ግዙ። እስከ አፉ አትሙሉት፤ ቀዝቃዛው አየር መዞር አለበት። ጥሬ ሥጋ ታች፣ የበሰለው ላይ፤ ሥጋው እንዳይንጠባጠብበት።

መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? በሩን አትክፈቱ። ሳይከፈት ከቆየ ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሙሉ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነው 24 ሰዓት። ግን ቤት ሳትኖሩ ጠፍቶ ቢመጣስ? ለዚህ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። አንድ ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ሲረጋ ከላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጉበትና እዚያው ተዉት። ከጉዞ ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ በረዶው አልቀለጠም ማለት ነው። ወደ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት ሁሉም ቀልጦ፣ መብራት ሲመጣ እንደገና ረግቷል። ዓይን አያየውም፤ ሳንቲሙ ይናገራል። ያ ሥጋ ለእናታችሁ አይሆንም።

ፍሪጅ ግን ሁሉንም አያቆምም። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ቅዝቃዜ ውስጥም ይራባል፣ ይልቁንም አዛውንትን፣ ነፍሰ ጡርንና ሕመምተኛን ይመርጣል። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ካንታሎፕ በሚባለው ሜሎን ምክንያት 147 ሰዎች በሊስቴሪያ ታመሙ፤ 33ቱ ሞቱ። አብዛኞቹ ከ60 ዓመት በላይ ነበሩ። ከተበላ በኋላ እስኪያሳምም ሳምንታት ሊያልፉ ስለሚችሉ ሰው ምን እንደበላ እንኳ አያስታውስም። አሜሪካና አውሮፓ ወላጆቻችሁን የወሰዳችሁ ይህን አስቡ። እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ፣ እነሱ ቀኑን ሙሉ ከፍሪጁ ጋር ብቻቸውን ናቸው። የተቆራረጠ የሳንድዊች ሥጋ ለእነሱ ሳይሞቅ አይሰጥ። ሜሎን ከመቆረጡ በፊት ልጣጩ ይታጠብ፣ ከተቆረጠ በኋላ ፍሪጅ ይግባ። ከሱቅ በተፈጨ ሥጋ ጥሬ ክትፎ ደግሞ ጨርሶ አይሠራላቸው። አንድ ፓኬት የተፈጨ ሥጋ ውስጥ የብዙ ከብት ሥጋ ሊኖር ይችላል።

ስለ ቀን ደግሞ ልጨምር። ብዙ የታሸገ ምግብ ላይ የሚታተመው የማለቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፊደሉ ደቃቅ ነው። በእኛ አቆጣጠር የሚያስቡ አባት ዓመቱን ሲያነቡ "ገና ሰባት ስምንት ዓመት አለው" ብለው ቢያስቀምጡት አይፈረድባቸውም። ዕቃውን ስትገዙ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በትልቁ፣ ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ለተረፈ ወጥም እንዲሁ፦ "ማክሰኞ የተሠራ"። እናቴ መጀመሪያ ላይ ፕላስተሩን ስታይ "ሆስፒታል አደረጋችሁት" ብላ ነበር። አሁን ራሷ ናት የምትጽፈው።

ከሁሉም የሚከብደው ንግግሩ ነው። የሰባ ሰባትን ረሃብ ያየ ሰው ምግብ አይጥልም። እህል መድፋት ለእነሱ ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአት ነው። "ጣይው፣ ተበላሽቷል" ሲሏት ዝም ብላ ጓዳ ገብታ የምትበላ እናት ስንት ናት! አትጨቃጨቁ። የሚተርፍ እንዳይኖር አሳንሳችሁ ሥሩ። የተረፈውን ገና ትኩስ እያለ፣ ሳያድር፣ አካፍሉ። ለጎረቤት በዕለቱ ሲሰጥ እንደ ብክነት አይታይም። የነገራችሁት ነገር ትእዛዝ እንዳይመስልም ሐኪም ፊት አንሡት። "ዶክተሩ ብሎኛል" ከልጅ ቃል ይበልጣል።

ጉርሻስ? ጉርሻ አይቅር። የሚያጎርሰው ሰው ግን እጁን በሳሙና፣ 20 ሰከንድ ያህል፣ ጥፍሩ ሥር ድረስ ይታጠብ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሰው እስኪሻለው ምግብ አይሥራ፣ አያጉርስም። ቤት የምትሠራዋ ልጅ ካመማት እንድትናገር፣ ስለተናገረችም ደመወዟ እንደማይቆረጥ አስቀድማችሁ ንገሯት። ካልሆነ ደብቃ ትሠራለች።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ቀን ሊያማቸው ይችላል። ያኔ የመጀመሪያው አደጋ የውሃ ማነስ ነው። አዛውንት ሰውነቱ ውሃ እየፈለገ እንኳ ጥማት ላይሰማው ይችላል። "ጠማኝ" እስኪሉ አትጠብቁ። ለምለም (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) ቤት ይኑር። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግማችሁ ስጡ። ከጠፋ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር፣ በአንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ከሆነ ምን ያህል እንደሚጠጡ ሐኪም ጠይቁ።

አንቲባዮቲክ ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ። ተቅማጥ ማቆሚያም ደም ወይም ትኩሳት ካለ ሊጎዳ ይችላል። የደም ግፊት፣ ሽንት የሚያሸና ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቶሎ ሐኪም ጋ ደውሉ። ሰውነት ውሃ ሲያጣ እነዚህ መድኃኒቶች ሊከብዱት ይችላሉ፤ ይቀጥሉ ወይስ ይቁሙ የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ሳትቆዩ ወደ ጤና ተቋም የምትሄዱበት ምልክት፦ ሰገራ ላይ ደም፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሚጠጡትን ሁሉ ማስመለስ፣ ለብዙ ሰዓት ሽንት አለመሽናት፣ ሲነሡ ማዞር፣ ቀን የሚዘልቅ ተቅማጥ። አንዱ ምልክት ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። መቀባዠር ነው። ትናንት ደህና የነበሩ አባት ዛሬ ቀኑን ከሳቱ፣ ልጃቸውን በሌላ ስም ከጠሩ፣ ወይም ዝም ብለው ካሸለቡ፣ "እርጅና ነው" አትበሉ። እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም። ሐኪሙ መቼ እንደጀመራቸው፣ ምን እንደበሉ፣ ሌላ የታመመ ሰው እንዳለና ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ይጠይቃችኋል። ስትወጡ የመድኃኒቶቹን ካርቶን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ውጡ።